ፊታውራሪ ጊምቢ ስትወጣ

ሚስት ለማግባት የማይገጥም መሰናክል የለም። በአንዱ ዘመድ ይነሣበታል፣ አንዱን የነፍስ አባቱ ይቆጡታል፣ ሌላውን ደግሞ ልጅቷ ራሷ እምቢ ትለዋለች። እኔን ከእነዚህ አንዱም አላገኘኝም። ልጅቷ ወዳኛለች፤ ዘመዶቼም ሸዋ ስለሆኑ ለመነሣት ሩቅ ናቸው። እኔ መንገድ ላይ የቆመብኝ ራዲያተር ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ካምቢዮው ተጨመረበት። ካምቢዮ ማለት ማርሽ የሚቀያየርበት፣ ሆዱ በጥርስ የተሞላ የብረት ሣጥን ነው። በዚያን ጊዜ እኔም ከዚህ በላይ አላውቅም ነበር። ያጠፋኝ አለማወቄ አይደለም፤ የማውቅ መምሰሌ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ነቀምቴ ሒሳብ አስተምር ነበር። አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጣሊያን የተረፈች አሮጌ የጭነት መኪና ነበረቻቸው። ከነቀምቴ ሲሬ፣ ከሲሬ ነቀምቴ ቅቤና ማር ሲያመላልሱባት ኖረው፣ ሲሞቱ ለእኔ ተናዘዙልኝ። ኑዛዜው የተነበበ ዕለት አንዲት ጎረቤት «ልጁ ምን በድሏቸው ነው?» ብላ ስታንሾካሽክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ፊታውራሪ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት የከተማው ሰው ነው፤ መንገድ ስትወጣ ከፊቷ ማንም የለም፣ ከኋላዋ ግን የአገሩ መኪና ሁሉ ተሰልፎ ይከተላታል። መንዳት ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው፤ ሁለት እሑድ፣ ከብት በማይውልበት ሜዳ ላይ። ሜዳ የማያሰለጥነው ሹፌር የለም። የሚፈትነው ዳገት ነው።

ሌሊሴ እኛው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ረጋ ያለች፣ ስትስቅም ድምፅ የማታወጣ ልጅ ናት። ወላጆቿ ጊምቢ ናቸው። ሽማግሌ ልልክ መሆኔን ስነግራት አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ።

«በአውቶቡስ ላካቸው» አለችኝ። «አባቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ነው ቤት የተቀመጡት። እንግዳ ሲመጣ ሰውዬውን ከማየታቸው በፊት የመጣበትን መኪና ነው የሚያዩት።»

ይህን የሰማ አስተዋይ ሰው አውቶቡስ ይሳፈራል። እኔ ግን «እንግዲያውስ ጥሩ አጋጣሚ ነው» አልኩ። መኪና ያለኝ ሰው መሆኔን ያዩልኝ ብዬ ነው። ትዕቢት ሲመጣ ከፊት ይቀመጣል፤ ውርደት ከኋላ ተጭኖ እንደሚከተል የሚታወቀው ሲወርዱ ነው።

ሌላም ችግር ነበር። ሽማግሌ ሲላክ አግቢው አብሮ አይሄድም፤ ነውር ነው። ፊታውራሪን ግን ከእኔ በቀር የሚነዳት አልተገኘም። አንድ ሹፌር ለምኜ ነበር፤ መጥቶ ካያት በኋላ «ልጆች አሉኝ» ብሎኝ ሄደ። ስለዚህ እኔው ልነዳ፣ እዚያ ስንደርስ ግን ተቀጣሪ ሹፌር መስዬ አፌን ዘግቼ ከመኪናዋ ጋር ልቀር ተስማማን።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው የቤቴ አከራይ ኦቦ ኦልጂራ ናቸው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ መጠጥ በአፋቸው የማይዞር፣ ቁም ነገር ካልሆነ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ባላምባራስ ይገዙ፣ አባታቸው ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የቀሩ፣ እሳቸው ደግሞ በማንኛውም ነገር ላይ የሚሉት የማያጡ። ሦስተኛው የትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በመሄጃው ጠዋት መጥተው ፊታውራሪን አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ጎማዋን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና «ወገቤን አሞኛል» ብለው ተመለሱ። ሲመጡ ወገባቸው ደህና ነበር።

ባላምባራስም ሊቀሩ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ እሳቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው።

«ይቺን ነው ፊታውራሪ የምትሏት?» አሉኝ።

«የከተማው ሰው ነው ጌታዬ።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባላምባራስ ነኝ። ከመኪና በታች ሆኜ ነው የምሄደው?»

«ከመኪና በላይ ነው የሚቀመጡት» አሏቸው ኦቦ ኦልጂራ። በዚህ ተጽናኑና ጋቢና ወጡ።

እጅ መንሻ ይዘናል። አንድ ትልቅ ቆርቆሮ የተነጠረ ቅቤ፣ በገለባ የተጠቀለለ አንድ ገንቦ ጠጅ፣ ለአባቷ ደግሞ አዲስ ቡልኮ። እነዚህን ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ፤ እኔ አልያዝኳቸውም።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ዲጋን እስክናልፍ ደህና ነበርን። ከዲጋ ወዲያ ያለች ትንሽ ዳገት ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ አትሄድም። ነዳጅ ስጨምር ጩኸቱ ይጨምራል፣ እርምጃው ይቀንሳል። በጎናችን እንጨት የተሸከመች ሴትዮ አለፈችን። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ከዚያ ቆምን። ወርጄ ከጎማዋ ሥር ታኮ አደረግሁና ኮፈኑን ከፈትኩ።

የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን በሥርዓት አሰብኩት። ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው አይዞርም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከሁለቱ መካከል ነው። ከሁለቱ መካከል ያሉት ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ናቸው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘውና የሚያለያየው ነገር ነው፤ በግራ እግር ፔዳሉን ሲረግጡት ይለያያል፣ ሲለቁት ይያያዛል። እሱማ እግሬ ሥር ነው፣ ቢበላሽ ከማንም በፊት እኔ አውቅ ነበር አልኩና ተውኩት። የቀረው ካምቢዮው ነው። ስሌቱ እንከን አልነበረበትም። መልሱ ብቻ ነው የተሳሳተው።

«ጥርሷ ረግፏል» አሉ ባላምባራስ፣ ከጋቢና ሳይወርዱ።

የጋቢናውን ወለል አንሥቼ የካምቢዮውን ቡሽ ፈታሁና ጣቴን ሰደድኩ። ዘይቱ ጎደል ብሏል። ትርፍ ዘይት ደግሞ አልያዝኩም።

«በጦርነቱ ጊዜ» ብለው ጀመሩ ባላምባራስ፣ «አንድ ሹፌር ዘይት ቢያልቅበት የጌታውን ቅቤ ጨምሮ ሦስት ቀን ነዳት።»

«ከሦስት ቀን በኋላስ?» አሏቸው ኦቦ ኦልጂራ።

«እሱን አልሰማሁም።»

ለእኛ የሚያስፈልገን ግማሽ ቀን ነው ብለን ተማከርን። እሳት አንድደን ቅቤውን አቀለጥነው። ኦቦ ኦልጂራ ቆርቆሮውን ዘንበል እያደረጉ፣ እኔ የኮባ ቅጠል ጠቅልዬ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እየያዝኩ አፈሰስነው። መንገዱን የኮረሪማ ሽታ ሞላው። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ ሞተሩን አስነሣሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ፊታውራሪ እንደ ግልገል ዘላ ዳገቱን ወጣችው።

ባላምባራስ ከዚያ እስከ ዲዴሳ ድረስ ዝም አላሉም። እኔም ብሆን በራሴ በጣም ረካሁ። የዲዴሳ ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ራሷ ስለምትወርድ ችግር አልነበረም፤ ስለ ሙቀትና ስለ ውሃ ሽማግሌዎቹን አስተማርኳቸው። ውሃው በሞተሩ ዙሪያ ዞሮ ሙቀቱን ይቀበላል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ገብቶ በነፋስ ይቀዘቅዛል አልኩ። ኦቦ ኦልጂራ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ «ነፋስ እንዲገባ መሄድ አለባት ማለት ነው» አሉ። ልክ ነው አልኳቸው። ድልድዩ ጋ ራዲያተሩን ውሃ ሞላንና ጊምቢ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዝነው።

የዲዴሳ ሸለቆ በየካቲት እንደ ምድጃ ነው። ዳገቱ ላይ ያው የጠዋቱ ጩኸት ተመለሰ፤ ሞተሩ እያገሳ እኛ እንደ ቀንድ አውጣ እንንፏቀቃለን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ። ቆምኩ። ክዳኑ በእጅ አይያዝም፣ ይፋጃል። ጨርቅ ፈለግሁ። ቅርብ የነበረው ጨርቅ ቡልኮው ነው።

እንዲህ ያለውን ክዳን ትንሽ ላላ አድርገው ጠብቀው ነው የሚከፍቱት። እኔ በአንድ ጊዜ ፈታሁት። ድምፁን ሰማሁ እንጂ ክዳኑ ሲሄድ አላየሁም። የፈላ ዝገታም ውሃ እንደ ምንጭ ወደ ላይ ወጥቶ ቡልኮው ላይ ወረደ፤ የእግዚአብሔር ቸርነት ሆኖ በእኔ ላይ አልነበረም። ነጩ ቡልኮ የነብር ቆዳ መሰለ። ክዳኑን ሦስታችንም ጫካ ለጫካ ፈልገን አጣነው። በምትኩ ባላምባራስ ከአንድ ማሳ ዳር የበቆሎ ቆረቆንዳ አንሥተው ይዘው መጡ፤ ብንሞክረው ልክክ አለ።

ለቀዳዳው ክዳን ተገኘለት፣ ውሃ ግን የለም። ወንዙ ከታች እንደ ክር ይታያል፣ ወርዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ነው። የያዝነውን የመጠባበቂያ ውሃ ደግሞ ጠዋት እሳት ስናጠፋበት ጨርሰነዋል፤ ድልድዩ ጋ መልሰን መሙላቱን ረስተናል። የሁላችንም ዓይን አንድ ቦታ ሄደ። የተናገሩት ኦቦ ኦልጂራ ናቸው።

«ጠጁን እንስጣት።»

ባላምባራስ ያልሰሙ መሰሉ። ቀጥለው ግን «ምን አሉ?» አሉ።

«ሰው ቢጠጣው ኃጢአት ነው ብዬ ነው የማምነው። ሞተር ቢጠጣው ግን የተጻፈ ነገር የለም።»

«ይህ የሦስት ወር ጠጅ ነው ኦቦ ኦልጂራ። ማሩ ከጊዳ አያና የመጣ ነው።»

«እሷም አርጅታለች። ደህና ነገር ይገባታል።»

ባላምባራስ አንድ ብርሌ ለምነው፣ ጀርባቸውን ለኦቦ ኦልጂራ አዙረው ጠጧት። የቀረውን ሁሉ ራዲያተሩ ጠጣው። ጠጁን እስክንወስን፣ እስክንከራከርና እስክንሞላ ሌላ አንድ ሰዓት አለፈ፤ ስንነሣ ፊታውራሪ እንደገና ዘላ ሄደች። ባላምባራስ «አየህ፣ ደክሟት ነበር» አሉኝ።

ጠጅ ሲፈላ የማር ሽታው ምን ያህል እንደሚርቅ አላውቅም ነበር። ንቦች ያውቃሉ። በዚያ ሸለቆ ዛፉ ሁሉ ቀፎ የተሰቀለበት ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት መጡ፤ ቀጥሎ ቆረቆንዳው ዙሪያ ጥቁር ሆነ። የጋቢናውን መስኮት ዘግተን፣ ሦስታችንም ላብ በላብ ሆነን፣ ንብ አስከትለን ወጣን። ጊምቢ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቅቤ የለም፣ ጠጅ የለም፣ ቡልኮው ነብር ሆኗል። የገበያው ሰው ወደ ግራና ቀኝ ከፈል ብሎ መንገድ ለቀቀልን፤ ለክብራችን አልነበረም።

የሌሊሴ አባት ኦቦ ዋቅጅራ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን፣ ረዥም፣ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው።

«ከታች ዳገቱ ላይ ሳለች ነው የሰማኋት» አሉ። «ማል ታኤ? ምን ሆና ነው የምትጮኸው?»

ከዚያ ሽማግሌዎቹን አስታወሱና በወጉ «አካም ጅርቱ፣ አካም ጅርቱ» እያሉ ሰላምታ ሰጧቸው። ሚስታቸው አዴ ሶሬቲ ወጥተው ወደ ቤት አስገቧቸው። ኦቦ ዋቅጅራ «ግቡ፣ መጣሁ» አሉና አልገቡም። ደረቅ እበት ለኩሰው አጭሰው ንቦቹን ቀስ ብለው አራቁ፣ ኮፈኑን ከፈቱና ጎንበስ አሉ።

«ሹፌሩ አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆረቆንዳ ነው።»

«እሱንስ አየሁት።» ነቀሉትና አሸተቱ። ለረዥም ጊዜ አሸተቱ። «ጠጅ ነው» አሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ጥሩ ማር ነበር» አሉ፤ እንደ ሐዘንተኛ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ጋቢና ገብተው የካምቢዮውን ቡሽ ፈቱ፣ ጣታቸውን ነክረው አዩት፣ ከዚያ ቀመሱት።

«ኮረሪማ አለበት» አሉኝ።

ደግመው ቀመሱ።

«ኮሰረትም አለበት። ያነጠረችው ሴት ሙያ አላት። ዘይት ይዘህ አትሄድም እንዴ?»

«ሽማግሌ ነው የያዝኩት» አልኳቸው።

ይህ ሲሆን የቤቱ መስኮት ክፍት ነው፣ የባላምባራስ ድምፅ ደግሞ በተዘጋም ያልፋል። ለአዴ ሶሬቲ ስለ እኔ እየነገሯቸው ነበር። «ልጁ ጠንቃቃ ነው። እጁ የገባ ነገር አይበላሽም። አርቆ አሳቢ ነው፤ ሳይዘጋጅ ከቤቱ አይወጣም።» ኦቦ ዋቅጅራ ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ያዳምጣሉ። እኔ መሬቱን አያለሁ።

ራዲያተሩን አጥበው ንጹሕ ውሃ ሞሉት፣ ቅቤውን በባልዲ አወረዱና ከራሳቸው ዕቃ ቤት ዘይት አመጡ። ከዚያ ከጎኔ ገብተው «ወደ ዳገቱ ንዳት» አሉኝ። ነዳሁ። እሳቸው መንገዱንም፣ ሞተሩንም አላዩም። አንገታቸውን ደፍተው እግሬን ነው የሚያዩት። ጩኸቱ ሲጀምር ጎንበስ አሉና የግራ ጉልበቴን በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይህን እግር አንሣ።»

«የት ላድርገው?»

«ወለሉ ላይ። ወለል የተሠራው ለእግር ነው።»

እግሬን አነሣሁ። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ፊታውራሪ እንደ ንጉሥ በቅሎ ረጋ ብላ ዳገቱን መውጣት ጀመረች። እንዲያ ያለ ዝምታ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«አቁም» አሉኝ። አቆምኩ። «እግርህ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ተኝቶ ነው የመጣው። ፔዳሉ ግማሽ ሲረገጥ ሞተሩና ካምቢዮው ግማሽ ይያያዛሉ፣ ግማሽ ይንሸራተታሉ። ሞተሩ ለሁለት ይሠራል፣ መኪናዋ ለአንድ ትሄዳለች። የተረፈው ድካም ምን ይሆናል? ሙቀት ይሆናል። ውሃው የፈላው በዚያ ነው።»

«ቅቤው ግን ሠርቶ ነበር» አልኩ። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

«ቅቤው አይደለም የሠራው። እሱን ስታቀልጡ ቆማችኋል፣ ፍሪሲዮኑ ቀዝቅዞ እንደገና ያዘ። ጠጁን ስትከራከሩበትም እንደዚያው። ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ ብትጸልዩም ትድን ነበር። ራዲያተሩ ጤነኛ ነው። ካምቢዮው ጤነኛ ነው። የታመመው የግራ እግርህ ነው።»

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመለስን፤ እሳቸው በመፍቻ የፔዳሉን ልክ ካስተካከሉ በኋላ እጃቸውን ታጥበው ገቡ። እኔ መስኮቱ ሥር ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ያን ሁሉ ጊዜ ቆመው ነበር። ኦቦ ኦልጂራ በሥርዓቱ ጥያቄውን አቀረቡ። ባላምባራስም «ጠንቃቃ ነው» የሚለውን እንደገና አነሡት።

ኦቦ ዋቅጅራ መለሱ። «መምጣታችሁ አክብሮኛል። ልጁን አላውቀውም። የማውቀው የላከልኝን ሹፌር ነው። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎችን በእንዲህ ያለ ሹፌር በዲዴሳ ገደል አፋፍ የሚልክ ሰው አስተዋይ ነው ማለት ይከብደኛል። ልጄንም ነገ በእንዲሁ ዓይነት ሹፌር ይልካታል።»

«ሹፌሩን እናባርረዋለን» አሉ ባላምባራስ ፈጥነው።

«አባሩት። መልሴ ግን ያው ነው።»

እኔ እንግዲህ ግድግዳ ተደግፌ፣ በራሴ ምክንያት ራሴን ሲከለክሉኝ እሰማለሁ። ዝም እል ዘንድ ቃል አስገብተውኛል። ዝም ካልኩ ሌሊሴን አጣለሁ፤ ከተናገርኩ ደግሞ ነውረኛም ውሸታምም እሆናለሁ፣ ያኔም አጣታለሁ። በዚህ መሃል ሌሊሴ ራሷ የእጅ ውሃ ይዛ ከጓዳ በር ወጣች። ዓርብ በአውቶቡስ መጥታ በሰላም ደርሳ ነበር። ልብሴን፣ ዘይት የጠጣ እጄን፣ ጸጉሬ ላይ የቀረችውን አንዲት የሞተች ንብ አየች። አልሳቀችም።

«ኢቲ ሂሚ» አለችኝ ቀስ ብላ። ንገራቸው ማለቷ ነው።

ገባሁ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

«ኦቦ ዋቅጅራ» አልኩ፣ «ሹፌሩ ተቀጣሪ አይደለም። ልጅዎን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የሚባረርም ካለ እኔው ነኝ።»

ባላምባራስ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። ኦቦ ኦልጂራ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡና «ዝም በል ያልነው እኛ ነን። ጥፋቱን ለእሱ ብቻ አይስጡት» አሉ። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ለእኔ የተባለ ደግ ቃል እሱ ብቻ ነበር።

ኦቦ ዋቅጅራ ጉልበታቸውን ነው የሚያዩት። ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«ለምንድን ነው እግርህን እዚያ ላይ የምታሳርፈው?»

ልዋሽ ቃል ፈለግሁ፣ ግን የቀረኝ ውሸት አልነበረም። «ፈርቼ ነው» አልኩ። «አንድ ነገር ድንገት ቢመጣብኝ ቶሎ ለማቆም ብዬ ነው። ዲጋ ላይም፣ ዲዴሳ ላይም፣ ጠዋት ከቤቴ በር ስወጣም ፈርቼ ነበር።»

«ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«አሁን አወቅን» አሉ ባላምባራስ፣ ከጣሪያው ሳይወርዱ።

ኦቦ ዋቅጅራ በረዥሙ ተነፈሱ። «ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ» አሉ። «ከጓደኞቼ የቀበርኳቸው ሁሉ የማይፈሩ ነበሩ። ፍርሃትህ ደህና ነው። ያሳረፍክበት ቦታ ነው የተበላሸው፤ እሱን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል።» ወደ በሩ ዞረው ልጃቸውን ጠሩና በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋት። እሷም በአንድ ቃል መለሰች። ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ አዴ ሶሬቲ ግን እልል ሊሉ ከጀመሩ በኋላ ባላቸውን አይተው ዋጡት።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ ለሽማግሌዎቹ። የዚያን ቀን እጅግ የሚጠበቀው ቃል እሱ ነበር፤ የባላምባራስ ጉልበት ከቃሉ ቀድሞ ተቀመጠ።

ስለ እጅ መንሻው ማንም ሊያነሣ አልደፈረም ነበር። ያነሡት ራሳቸው ኦቦ ዋቅጅራ ናቸው። «ቅቤዬን ከካምቢዮ፣ ጠጄን ከራዲያተር ነው የተቀበልኩት» አሉ። «መያዣው እዚህ ይቀራል። እስከ ሠርጉ ድረስ መኪናዋ እኔ ግቢ ትቆይ፤ አንተም እየመጣህ ትማራለህ። ለመምጣት ግን በአውቶቡስ ነው።»

እንደዚያው ሆነ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ማታ በአውቶቡስ ጊምቢ እገባለሁ፤ ቅዳሜን ሙሉ ከኦቦ ዋቅጅራ ጋር እውላለሁ። የማስተማር ዘዴያቸው ቀላል ነበር፤ ስሳሳት «ሂም» ይላሉ። የ«ሂም»ም ዓይነት አለው። አጭሩ ማርሽ ዘግይተሃል ነው፣ ረዥሙ ገደል አለ ነው። ቀኝ እጃቸውን ከእጅ ፍሬኑ ላይ ለአንድ ደቂቃ አያነሡም። አዴ ሶሬቲ እንደነገሩኝ ኦቦ ዋቅጅራ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ዓይናቸውን ከድነው አያውቁም። አንድ ጊዜ ታመው ሐኪም ቤት ሲወሰዱ እንኳ፣ ትኩሳቱ ሰውነታቸውን እያቃጠለው፣ ቁጭ ብለው ለሹፌሩ መታጠፊያ ይጠቁሙት ነበር አሉ።

ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከረፋዱ፣ «እስከ ድልድዩ ወርደን ለምሳ እንመለስ» አሉኝ። ለአዴ ሶሬቲም እንዲሁ ነግረው ወጣን። ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ማርሽ ቀነስኩ። «ሂም» አልመጣም። መታጠፊያውን ዞርኩ፣ ሁለተኛውንም ዞርኩ። አሁንም የለም። ተቆጥተው ይሆን ብዬ በዓይኔ ጥግ አየሁ። ባርኔጣቸው ዓይናቸው ላይ ወርዷል፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፣ እጃቸው ከፍሬኑ ላይ ተንሸራትቶ ጭናቸው ላይ ወድቋል። ተኝተዋል።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደነዳሁ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር እንደ እንቁላል ነጋዴ ዞርኩት። ከኋላዬ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባ ሊነፋ ሲጠጋ እጄን አውጥቼ እለፍ እለፍ አልኩት። ድልድዩ ላይ ደረስን። መዞር ነበረብኝ። ለመዞር ግን ማቆም፣ የኋላ ማርሽ ማስገባት፣ ያችን አሮጊት ማንገጫገጭ ያስፈልጋል። አላዞርኩም። ድልድዩን ተሻገርኩ፣ የወዲያኛውን ዳገት በእርጋታ ወጣሁት፣ ዲጋን አለፍኩ። ውሃዋ አልፈላም፣ ማርሿ አልጮኸም።

የነቁት ነቀምቴ፣ ኦቦ ኦልጂራ ግቢ በር ላይ ነው፤ ሞተሩን ሳጠፋ። ባርኔጣቸውን ቀና አድርገው ዙሪያውን አዩ።

«የት ነን?»

«ነቀምቴ ነን ኦቦ ዋቅጅራ።»

አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። የኮፈኑን ሙቀት ሊያዩ ወርደው ዳበሱት፤ ለብ ያለ ነበር። ፀሐይዋን አይተው ሰዓቱን ገመቱ፤ የምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

«ለሶሬቲ ምን ልንላት ነው?» አሉኝ።

«እንጃ።»

ፊታውራሪን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በዓይናቸው ገረፍ አደረጓት፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መንገድ ላይ ተበላሸችብን እንላታለን» አሉ።